የአሥራ ሰባት ቁጥር ወንበር

ለምወድህ ለአባዬ፣

ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ እኔው ራሴ በሩን ገፍቼ እንደገባሁ ቁጠረውና ቁጭ በል። ያቺን የግንድ ቁራጭ ግን ተዋት፤ ሌላ ነገር ላይ ተቀመጥ። እንደምን ሰነበትክልኝ? ጤናህ፣ እንቅልፍህ፣ ዓይንህ እንዴት ነው? ሳሉስ ለቀቀህ? የእማዬ እግር አሁንም ያብጣል ወይ? ታናሽ እህቴ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች፣ አሁንም ከመምህሯ ጋር ትከራከራለች? አጎቴስ ከሚስቱ ጋር ታረቀ ወይስ ዛሬም እናንተ ዘንድ ነው የሚያድረው? ስለ ወገብህ ደግሞ ለብቻው እጠይቅሃለሁ፤ ደህና ነው ብለህ እንዳታልፈኝ። ባለፈው ክረምት ሁለት ሳምንት ከአልጋ እንዳልተነሳህ፣ ካልሲህን እንኳ እማዬ እንደምታጠልቅልህ ታናሼ ጽፋልኛለች። አንተ ግን ትንፍሽ አላልክም።

እኔስ ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን ልልህ ነበር፤ ባለፉት ሦስት ደብዳቤዎች እንዲሁ ብዬሃለሁ። ዋሽቼሃለሁ። የዋሸሁበትን ነገር ዛሬ ከሥሩ ልንገርህ፤ ምክንያቱም ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አስተዳደር ቢሮ ውስጥ አንዲት ሴት ከሥራ ልትባረር ነው፤ ያጠፋሁት ግን እኔ ነኝ። ይህን የምናውቀው እኔ፣ አብራኝ የምትኖረው ልጅ፣ መጋዝ ያዋሰኝ ሰውዬና አሁን ደግሞ አንተ ብቻ ነን።

የምሠራበት አዳራሽ ውስጥ አርባ ሁለት የስፌት መኪና አለ፤ የእኔ አሥራ ሰባት ቁጥር ነው። ሥራዬ የሱሪ ዚፕ መግጠም ነው። ቀኑን ሙሉ ዚፕ ነው፤ መንገድ ላይ ሰው ሲያልፍ ፊቱን ትቼ ዚፑን የማይበት ደረጃ ደርሻለሁ፤ አንድ ቀን ጥፊ ሳልቀምስ አልቀርም። መኪናው ጥሩ ነው፤ ጠላቴ ወንበሩ ነበር። አርባ ሁለቱም ወንበሮች አንድ ልክ ናቸው፤ መደገፊያቸው ቀጥ ያለ ሳንቃ ነው፤ ከፍታቸውም በማን እግር ልክ እንደተሠራ የሠራው ይወቅ። እኔን ደግሞ ታውቀኛለህ፤ አጎቴ ድንኬ እያለ የሚጠራኝ በከንቱ አይደለም። ወደ ኋላ ገፋ ብዬ ልደገፍ ካልኩ እግሬ ፔዳሉን አያገኘውም። ፔዳሉን ልርገጥ ካልኩ ደግሞ ጫፉ ላይ ተንጠልጥዬ፣ ጎብጬ ነው የምሰፋው። በቀን ስምንት ሰዓት እንዲህ ነው። መጀመሪያ ድካም መሰለኝ። ውሎ ሲያድር ጠዋት ከአልጋ ስነሳ ወገቤ ቁርጥ ይል ጀመር፤ ጎንበስ ብዬ ፊቴን መታጠብ አቃተኝ። ኋላማ ሕመሙ በጭኔ አልፎ እስከ ባቴ ይወርድ ነበር።

ታዲያ ለምን አልተናገርሽም ትለኛለህ። እዚህ ቤት ወገቤን ያለች ሴት መጀመሪያ ወደ ማሸጊያ ክፍል ትዛወራለች፤ እዚያ ቀኑን ሙሉ ቆማ ትውላለች፤ ውሏ ሲያልቅ ደግሞ አይታደስላትም። ስድስት ሴቶች እንዲህ ሲሸኙ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ሁላችንም ጥርሳችንን ነክሰን እንሰፋለን፤ ሰዓት ያዢዋ ስትመጣ ፈገግ እንላለን። ሰዓት ያዢዋ የምንላት የጠዋቷ ተቆጣጣሪያችን ናት፤ አንገቷ ላይ የሩጫ ሰዓት አንጠልጥላ አንድ ዚፕ በስንት ሴኮንድ እንደሚገባ ስትቆጥር ትውላለች። የክሊኒኳ ነርስ እንኳ የሕመም ማስታገሻ ስትሰጠኝ ካርዴ ላይ ራስ ምታት ብላ ነው የጻፈችው፤ አዝናልኝ።

አንድ ቀን የአንተ ነገር ትዝ አለኝ። ሰው ወንበር ሊያሠራ ሲመጣ ስለ እንጨቱ ሳታወራ መጀመሪያ ጫማውን ታስወልቀውና ከተረከዙ እስከ ጉልበቱ ጀርባ በክር ትለካው ነበር። ክሩ ላይ ቋጠሮ አድርገህ ግድግዳው ላይ ባለው ሚስማር ትሰቅለዋለህ። የሰፈሩ ሰው እግር ሁሉ ግድግዳችን ላይ ተንጠልጥሎ ነው ያደግሁት። እኔም የራሴን እግር በስፌት ክር ለካሁና ከወንበሩ ጋር አስተያየሁት። ወንበሩ በአራት ጣት ይበልጠኛል። አራት ጣት፣ አባዬ። ሁለት ዓመት ያሰቃየኝ ይኸው ነው።

የጥገና ሠራተኛውን መጋዝ ለመንኩት። ፊቱ ሳይፈታ፣ እኔ አልሰጠሁሽም፣ አንቺም አልወሰድሽም ብሎ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። በምሳ ሰዓት ሰው ሁሉ ግቢ ሲወጣ እኔ ወንበሩን ገልብጬ፣ እንዳስተማርከኝ ዙሪያውን በእርሳስ አስምሬ፣ አራቱንም እግሮች ቆረጥኳቸው። ቀና አድርጌ ሳቆመው አንዱም እግር አልተነቃነቀም። መደገፊያው ላይ ደግሞ ብጣሽ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ወገቤ ሰርጎድ በሚልበት ልክ አሰርኩበት። ቁራጮቹን መጣያ ውስጥ እንዳይገኙብኝ በቦርሳዬ ይዤ ወጣሁ። ብታየው ትኮራብኝ ነበር፤ እኔማ ኮርቼ ሞቼ ነበር።

በሳምንቱ ሰው ሆንኩ። እግሬ መሬት ያዘ፣ ወገቤ መደገፊያ አገኘ፣ ክርኔ ከጠረጴዛው እኩል ሆነ። ያ እስከ ባቴ የሚወርደው ነገር ቀስ በቀስ ወደ ላይ ተሰበሰበና ጠፋ። ሰዓት ያዢዋ አጠገቤ ቆማ ሰዓቷን አየች፣ እኔን አየች፣ ምን በልተሽ ነው አለችኝ። ወገቤን ነቅነቅ አድርጌ ሳቅሁ። ያን ሳቄን ሳስበው ዛሬ ያመኛል።

አሥራ ሰባት ቁጥር ላይ ብቻዬን አይደለሁማ። በከሰዓቱ ፈረቃ ሌላ ሴት ትቀመጥበታለች። እኔ በአንዱ በር ስወጣ እሷ በሌላው ትገባለች፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ፊቷን አይቼው አላውቅም ነበር። ግን እንተዋወቃለን። እኔ ስወጣ የደነዘውን መርፌ ቀይሬላት እወጣለሁ፤ እሷ ደግሞ መኪናውን ወልውላ፣ ክሩን በመርፌው አሾልካ ትተውልኛለች፤ ጠዋት መጥቼ እግሬን ማሳረፍ ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። አንዴ መሳቢያው ውስጥ ሁለት ከረሜላ አገኘሁ፤ በማግስቱ እኔም የጸጉር መያዣ ተውኩላት። እንዲህ ያለ ወዳጅነት ነበረን። ወንበሩን ስቆርጥ ግን፣ አባዬ፣ አንድ ጊዜ እንኳ በሐሳቤ አልመጣችም። የአናጢ ልጅ ነኝ ባይ፣ ሁለት ሰው ለሚቀመጥበት ወንበር የአንድ ሰው እግር ለክቼ ቆረጥኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መኪናው ሳይወለወል አገኘው ጀመር። ክሩ አልሾለከም፣ ብናኙ አልተጠረገም። ተናደድኩ። ይቺ ሰነፍ ጠግባለች ብዬ አብራኝ ለምትኖረው ልጅ አማኋት። የወንበሩ ጨርቅ የማሻሻ ቅባት ይሸት ጀመር፤ ለዚያም አፍንጫዬን ያዝኩ እንጂ ምን ይሆን አላልኩም።

ለካስ እሷ ረጅም ናት። እንደ እሷ ያለችው እዚያ የቆረጥኩት ወንበር ላይ ስትቀመጥ ጉልበቷ ወደ ላይ ይወጣል፣ ወገቧ ይታጠፋል፣ ጠረጴዛው አገጯ ሥር ይመጣል። ፋብሪካው ወንበር የቀየረ መሰላት። ወገቤን ብትል ማሸጊያ ናት፤ ስለዚህ እንደኔው ጥርሷን ነክሳ ስድስት ሳምንት ሠራችበት። ባለፈው ዓርብ ሲብስባት ከእግሮቹ ሥር ጡብ አደረገች። ጡቡ ተንሸራተተና በጀርባዋ ወደቀች። የከሰዓቷ ተቆጣጣሪ ወንበሩን ስታነሳው የመጋዙን ቁርጥ አየችው።

እዚህ ፈረቃ ሲቀየር መዝገብ ላይ እንፈርማለን። የምትወጣዋ ዕቃውን ሙሉ ሆኖ አስረክቤያለሁ፣ የምትገባዋ ተረክቤያለሁ ብላ ነው የምትፈርመው። አንብቦ የሚፈርም ሰው የለም፤ እየሮጥን ነው የምንጭረው። እሷም ስድስት ሳምንት ሙሉ ተረክቤያለሁ እያለች ፈርማለች። እንግዲህ ወንበሩ በእጇ ነው የተበላሸው ተባለ። አንዲት ረጅም ሴት ወንበሯን ለምን ታሳጥራለች ብሎ የጠየቀ የለም። ንብረት ያበላሸ ይባረራል የሚለው ማስታወቂያ እንደሆነ በሩ ላይ ከተለጠፈ ዘመን የለውም።

ወሬውን የሰማሁት ቅዳሜ ጠዋት ነው። አብራኝ የምትኖረው የሸሚዝ ቁልፍ የምትተክል ልጅ ናት፤ ማን አየሽ፣ አፍሽን ዝጊና ሥራሽን ሥሪ አለችኝ። ክፉ ሆና አይደለም፤ እኔ ከተባረርኩ ይህን ክፍል ብቻዋን አትችለውም። እኔም ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ አሥራ ሰባት ቁጥር ላይ ዚፕ ስገጥም ዋልኩ። ሌላ ወንበር አምጥተውልኝ ነበር፤ ረጅሙን። ወገቤ ወዲያው ጀመረኝ፤ ይበልሽ አልኩ ለራሴ።

እሑድ ዓይኔን በጨው አጥቤ ቤቷ ሄድኩ። ልናገር ነበር የሄድኩት፤ መንገዱን ሙሉ ስለማመደው ነበር። አንዲት ክፍል ናት፤ መሬት ላይ ፍራሽ ተዘርግቷል፤ እሷ በጎኗ ተኝታ በጉልበቶቿ መሐል ትራስ አድርጋለች። ሁለት ሴት ልጆች አሏት፤ ትልቋ ውሃ አቀረበችልኝ። የጠዋቷ ነኝ ስላት ፊቷ በራ። ልትነሳ ሞከረች፤ ተይ ብዬ ያዝኳት። ከዚያ የነገረችኝን ልጻፍልህ፣ ቃል በቃል ነው የማስታውሰው፦ «አንቺን እንጠይቅ ብለው ነበር። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩ። የጠዋቷ እንዲህ ያለ ነገር አታደርግም፤ መርፌውን እንኳ ቀይራልኝ ነው የምትወጣው አልኳቸው።»

ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ውሃውን እስከ ጠብታው ጠጣሁ፤ ብርጭቆውን አስቀመጥኩ፤ ፈጣሪ ይማርሽ ብዬ ወጣሁ። ሰው እንዲህም ይወርዳል፣ አባዬ።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ቁራጮቹ አልጋዬ ሥር ናቸው። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ እናገራለሁ ብዬ ምያለሁ፤ እሑድም ምዬ ነበር። ለዚህ ነው ለአንተ የጻፍኩት፤ አንተ ካወቅህብኝ ወደ ኋላ ማለት ያቅተኛል። ፖስታውን የማሽገው ነገ ከቢሮ ስወጣ ነው። ካልተናገርኩ ይህን ደብዳቤ አታየውም፤ ደህና ነኝ የሚል ሌላ ይደርስሃል።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ትናንት በሥራ ስላመሸሁ መጻፍ አልቻልኩም።

ቢሮው ውስጥ ሥራ አስኪያጁ፣ የአስተዳደር ኃላፊዋና ሰዓት ያዢዋ ነበሩ። የከሰዓቷ ሴት ጥግ ላይ ቆማለች፤ መቀመጥ አልቻለችም። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ማንበብ ሲጀምር ሳልጠራ ገባሁ። ምን ፈለግሽ ሲለኝ ቁራጮቹን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው። «ወንበሩን የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አልኩ። እሷ ወደቆመችበት ጥግ ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

ለምን ሲለኝ ወገቤን አሞኝ አልኩ። ሁለት ዓመት የዋጥኳት ቃል ናት፤ ስትወጣ የአስተዳደር ኃላፊዋ እስክሪብቶዋን አነሳች። መጋዙን ከየት አመጣሽ አለኝ። አባቴ አናጢ ነው፣ ከቤት ይዤው የመጣሁት ነው አልኩ፤ ይቅር በለኝ፣ ባንተ አሳበብኩ፣ የጥገናውን ሰውዬ አሳልፌ መስጠት አልቻልኩም። ከዚያ ምላሴ ተፈታ። አርባ ሁለት ሴት በአንድ ልክ ወንበር ላይ አስቀምጣችሁ፣ የማናችንን እግር አይታችሁ ነው አልኩት። ተናጋሪነቴን ታውቀዋለህ፤ ሲጀምረኝ ማቆሚያ የለኝም። ሥራ አስኪያጁ ፊቱ ቀላ። ያልጠበቅሁት የሰዓት ያዢዋን ነው፤ መዝገቧን ገልጣ ይቺ ልጅ ወንበሩን ከቆረጠች ወዲህ በቀን ሠላሳ ሱሪ ጨምራለች አለች። አዝናልኝ ይሁን ቁጥሩ ደስ ብሏት አላውቅም።

ውሳኔው እንዲህ ነው። እሷ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። እኔ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተጻፈልኝ፤ ከአሥራ ሰባት ቁጥር ተነሥቼ ለሦስት ወር ማሸጊያ ክፍል እቆማለሁ፤ ወንበሩንም በራሴ ጊዜ ወደ ነበረበት እመልሳለሁ።

ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር። በጥፊ ትለኛለች ብዬ ፊቴን አዘጋጀሁ። «መቁረጥሽን ይቅር እልሻለሁ፤ ሁላችንም ያመናል» አለችኝ። «ቤቴ ገብተሽ ውሃዬን ጠጥተሽ ዝም ማለትሽን ግን እንጃ።» ላለቅስባትም አፈርኩ። ልክ ነሽ ብቻ አልኳት። ከዚያ ከኪሴ የስፌት ክር አወጣሁና እግርሽን ልለካው አልኳት። ክሩን አየችና ግድግዳውን ይዛ ጫማዋን አወለቀች። መሬት ተንበርክኬ ለካኋት፤ ቋጠሮውን ሦስት ጊዜ ፈትቼ ነው ያሰርኩት።

ወደ ነበረበት መልሺው ነበር የተባልኩት፤ አልመለስኩትም። ለእሷ ድሮም ሁለት ጣት ያንሳት ነበር። እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ሁለት ጣት እንጨት ጨመርኩ፤ ዙሪያውን የወንበሩን እግር ጥርቅም አድርጎ የሚይዝ ክፈፍ መታሁበት። አራት ጫማ ሠራሁለት በለው። ከሰዓት እሷ ታጫማዋለች፤ ጠዋት በእኔ ቦታ የገባችው አጭር ልጅ ታወልቀዋለች። ይኼኛው አይንሸራተትም፤ ራሴ እላዩ ላይ እየዘለልኩ ሞክሬዋለሁ። የጥገና ሠራተኛው ሚስማሩን አቀበለኝ። ዛሬ ከሰዓት ስወጣ በመስኮቱ አየኋት፤ ቀስ እያለችም ቢሆን ተደግፋ ተቀምጣ ትሰፋለች። ወደ እኔ አልዞረችም።

እኔ ማሸጊያ ነኝ። ካርቶን አጥፋለሁ፣ እቆማለሁ። አንድ እግሬን ዝቅ ያለ ሳጥን ላይ አሳርፋለሁ፤ ሲደክመኝ እቀይራለሁ፤ እንዲህ ሲሆን ወገቤ ያን ያህል አይከፋም። ውሌ ይታደስ አይታደስ አላውቅም፤ ይህን ለእማዬ አትንገራት። ዛሬ በምሳ ሰዓት ሁለት ሴቶች ዙሪያቸውን ቃኝተው ጫማቸውን አውልቀው መጡ። ለካኋቸው፤ ክሮቹንም አልጋዬ ራስጌ በሚስማር ሰቀልኳቸው።

ክሮቹን ሳይ ያ ግድግዳችን መጣብኝ። የጎረቤቱ እግር ነበረ፣ የመምህሩ፣ የእማዬ፣ የእኔ የሦስት ዓመት እግር ሳይቀር ነበረ። አንድ በአንድ አስታወስኳቸው። ያንተ ክር አልነበረም፣ አባዬ። ሠላሳ ዓመት ለሰው ሁሉ ልክ ወንበር ስትሠራ፣ አንተ ያቺ የግንድ ቁራጭ ላይ ጉልበትህን ከአገጭህ አስተካክለህ ነው የተቀመጥከው፣ እንደዚያች ረጅም ሴት። አንድ ቤት ውስጥ ኖረን አንዳችን እንኳ አልጠየቅንህም። እኔም አልጠየቅሁህም። ይቅር በለኝ።

እማዬን ጉልበቷን ስሜ እንደምወዳት ንገርልኝ፤ እግሯን ማታ ማታ ከፍ አድርጋ ትተኛ። አጎቴን ሰላም በልልኝ፤ ድንኬ ሥራ አስኪያጅ ፊት ቆማ ተናገረች በለው፤ ሚስቱ ፊት ለመቆም እሱም ወኔ ያግኝ። ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊው ሰላምታዬ ይድረሰው፤ እሱም ወንበሩን ይይ። ታናሽ እህቴን ግሩም አድርገህ ሳምልኝና ደብዳቤውን ስጣት፤ ይህ ለእሷ ነው። እህቴ፣ ቢቆጣም፣ ቢሸሽም፣ ለእኔ አያስፈልገኝም ቢልሽም፣ ጫማውን አስወልቂውና ከተረከዙ እስከ ጉልበቱ ጀርባ በክር ለኪው። ቋጠሮ አድርጊበት፤ ከመልሱ ጋር ፖስታ ውስጥ ክተቺልኝ። እንጨቱን የጥገናው ሰውዬ ይሰጠኛል፤ ወንበሩን ሠርቼ የሚመጣ ሰው ሳገኝ እልክላችኋለሁ።

አባዬ፣ ሚስማሩን ከወዲሁ መትቼልሃለሁ።

የምትወድህ ልጅህ ድንኬ

ከፋብሪካው ጀርባ ካለው ሰማያዊ በር ቤት፣
ወሩ በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ሐሙስ ከሥራ መልስ